የድልድዩ ሽማግሌ ድምፅ

ዘኪያ መብራቱ እንዳይመጣ እየለመነች ነበር።

ደባርቅ ውስጥ መብራት ሲጠፋ የማያማርር የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከማንም ቀድማ የምታማርረው እሷው ናት። ያን ሐሙስ ከሰዓት ግን በእናቷ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጥግ፣ ከጠፋው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ፣ «ያ ረብ፣ የዛሬን ብቻ አይምጣ» ትል ነበር በልቧ። እናቷ ፈትያ ከኋላዋ ቆማ ጥቁሩን ስክሪን ታያለች።

«ባትሪ ነገር የለውም እንዴ ይሄ?»

«የለውም እማ። ድሮም ተበላሽቷል።»

«እንግዲያው ልክ እንደመጣ ጥሪኝ። ሶላት ላይ ብሆን እንኳ ጠብቂኝ፤ ሳልሰማው እንዳትዘጊው።»

ዘኪያ ራሷን ነቅንቃ እሺ አለች። እናቷ ልትሰማው የጓጓችው ድምፅ ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም። ያጠፋችው ደግሞ ራሷ ዘኪያ ናት፤ ይህንንም ከእሷ በቀር የሚያውቅ ያለ አልመሰላትም።

በዚያው ቀን ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ዘኪያ ትምህርት ቤት ሳለች፣ የእናቷ ስልክ ጠርቶ ነበር። ቁጥሩ ረጅም፣ የውጭ አገር ነው። መስመሩ እንደ ነፋስ ይጮኻል። በመሃል አንድ የጎረነነ ድምፅ፣ «እማ፣ ሙሰዓብ ነኝ» አለ።

ሙሰዓብ የዘኪያ ታላቅ ወንድም ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በየካቲት በመተማ በኩል ሱዳን ገባ፤ ከካርቱም ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ በሚያዝያ «ወደ ሊቢያ ልንነሣ ነው» አለና ድምፁ ጠፋ። አሁን ኅዳር ነው። ሰባት ወር ሙሉ ቤታቸው ውስጥ ስልክ በጠራ ቁጥር ሦስት ሰው ከመቀመጫው ይነሣል።

የደወለው ሰው ብዙ አላወራም። ደህና ነኝ፣ ሥራ ይዣለሁ፣ ድምፄን ብርድ መትቶት ነው አለ። «ባሽርን ላኪልኝ። ለእሱም የሚሆን ሥራ አለ። መተማ ላይ የሚቀበለው ሰው አዘጋጅቻለሁ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ደውዬ የሰውዬውን ስም እነግርሻለሁ፤ ልጁ ተነሥቶ ይጠብቅ።» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ባሽር የፈትያ የእህት ልጅ ነው። ከአዲ አርቃይ ለትምህርት መጥቶ ከእነሱ ጋር ሲኖር አራት ዓመቱ ነው። የአሥረኛ ክፍል ውጤቱ ለመሰናዶ አልበቃውም። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ወደ ጎንደር የሚወርዱትን ሚኒባሶች ሲቆጥር ይውላል። ሐሙስ ስልኩ ሲጠራ ከፈትያ አጠገብ ነበር፤ ስሙ ሲነሣ ሰምቷል።

ፈትያ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ ደፍታ አላህን አመሰገነች። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ጥርጣሬ ገባት። ዳባት ያለችውን የወለተ ማርያምን ነገር የማያውቅ ሰው አካባቢው ላይ የለም። አምና በተሰደደው ልጇ ስም አንድ ሰው ደውሎ «ታናሼን ላኪልኝ» አላት። ላከችው። ይኸው እስከዛሬ የሁለቱም ወሬ የለም።

«እሱ ነው እላለሁ፤ ደግሞ አይደለም እላለሁ» አለች ፈትያ፣ ዘኪያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ። «ጆሮዬ ከዳኝ። ያ የምትጫወቱት ነገር ውስጥ ድምፁ አለ አይደል? አንድ ጊዜ ልስማው። ከሰማሁት እለየዋለሁ፤ የወለድኩት እኔ ነኝ።»

ልክ በዚያች ቅጽበት መብራቱ ጠፋ።

*

ሙሰዓብ ከመሄዱ በፊት በዚያ ጥግ ላይ ሥራው ለሰው ስልክ ዘፈንና ፊልም መጫን ነበር። ደንበኛ ሲጠፋ ይጫወታል፤ የሰፈሩ ልጆች ከኋላው ተደርድረው ያያሉ። ከሁሉም የሚወዱት አንድ የጃፓን የኮምፒውተር ጨዋታ ነበራቸው። አንዲት ደብዳቤ አድራሽ ልጅ በበረዶ የተሸፈነ ተራራ ታቋርጣለች፤ መንገዷ ላይ ድልድይ አለ፤ ድልድዩን ፋኖስ የያዘ ሽማግሌ ይጠብቃል፤ ሽማግሌው ጠይቆ ካልጠገበ አያሳልፍም።

ጨዋታው ጃፓን ይሠራ እንጂ ወደ ውጭ ሲሸጥ የጃፓንኛው ድምፅ ወጥቶ በእንግሊዝኛ ተተክቷል። ይህ ሙሰዓብን ያበሳጨው ነበር። የጃፓን ፊልሞችን ከሥር ጽሑፍ እያነበበ ስላደገ የድምፃቸውን ነገር ያውቃል። «ስማ እስቲ ይሄን ሰውዬ» ይል ነበር፤ «ድልድይ ጠባቂ ነው ወይስ ዜና አንባቢ?»

በኋላ ከኢንተርኔት አንድ ነገር አገኘ። እንደ እሱ የተበሳጩ የጨዋታው አፍቃሪዎች፣ ማንም ሳያዛቸው፣ «ፓች» የሚባል ነገር ሠርተዋል። ፓቹ እንግሊዝኛውን ያወጣና የመጀመሪያዎቹን ተዋንያን የጃፓንኛ ድምፅ ወደ ቦታው ይመልሳል። ችግሩ ትልቅ መሆኑ ነው፤ አሥራ አራት ቦታ ተከፋፍሎ ነው የተቀመጠው። ሙሰዓብ ፍላሹን ይዞ፣ ወደ ስሜን ፓርክ የሚወጡ ቱሪስቶች የሚያድሩበት ሎጅ ይሄዳል። የዘኪያ ጓደኛ የሃና እህት እዚያ እንግዳ ተቀባይ ስለሆነች ዋይፋዩን ትፈቅድለታለች። አንዷን ክፍል ለማውረድ አንዳንዴ ወር ይፈጃል። ዘጠነኛው ላይ ደርሶ ነበር።

«እስከዚያው» አለና ደግሞ ሌላ ነገር አሰበ። በባጃጁ ጩኸት እንዳይረበሽ ፎጣ ራሱ ላይ ጥሎ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ማይክ ከአፉ አስጠግቶ፣ የሽማግሌውን ንግግር በአማርኛ ቀዳው። «ማን ነሽ አንቺ? የማን ልጅ ነሽ? በዚህ ብርድ ወዴት ነው? በይ ግቢ፤ ሳትቀምሺማ አታልፊም።» የልጅቷን ድምፅ ዘኪያ ሠራችው። ድምፁን በእንግሊዝኛው ቦታ ሲተካው ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የጃፓኑ ሽማግሌ ደባርቅ ተወልዶ ያደገ መሰለ።

ሙሰዓብ ሲሄድ ፍላሹን ለዘኪያ ሰጣት። «አምስት ቀርቷል፣ ዘኩ» አላት። ከእሱ በቀር ዘኩ የሚላት ሰው የለም።

እሷም ጨረሰችው። ድምፁ ከጠፋ ጀምሮ ከትምህርት መልስ ሎጁ በር ላይ እየተቀመጠች ሰባት ወር ሙሉ አወረደችው። ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበራት፤ አሥራ አራቱ ሲሞሉ ይደውላል ብላ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። ማክሰኞ ዕለት አሥራ አራተኛው ሞላ።

ፓቹን ለመጫን ግን ኮምፒውተሩ ቦታ አልነበረውም። የሆነ ነገር መጥፋት ነበረበት። ዘኪያ ፈልጋ ፈልጋ «ቫይረስ» የሚል ፎልደር አገኘች። ይህን ፎልደር ድሮም ታውቀዋለች። «እንዳትነኪው፤ ከተከፈተ ኮምፒውተሩን ሙሉ ይበላዋል» ይላት ነበር ሙሰዓብ። ስለዚህ ሳትከፍት አጠፋችው፤ ተመልሶ እንዳይመጣም የተጣለ ፋይል የሚጠራቀምበትን ቅርጫት ሳይነካ በቀጥታ የሚያጠፋውን ቁልፍ ተጠቀመች። ከዚያ ፓቹን ጫነች። «የድሮዎቹ ይተኩ?» ሲላት አዎ አለች። የሙሰዓብ ቅጂ መቼም አንድ ቦታ ይኖራል ብላ አሰበች፤ እሱ ነገር የሚጥል ሰው አልነበረም።

ሽማግሌው ፋኖሱን ከፍ አድርጎ በጃፓንኛ ሲናገር እንባዋ መጣ። ደስ ብሏት የአማርኛውን ቅጂ ደግሞ ለማነጻጸር ፈለገች። ድምፅ መቅጃው ፕሮግራም መጨረሻ የተቀዱት ፋይሎች የት እንደነበሩ ይናገራል። ሁሉም ቫይረስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ነበሩ።

ያኔ ነው የገባት። ስልክ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ልጆች ሁሉ እንደዚህ ናቸው፤ ሰው እንዲነካባቸው የማይፈልጉትን ነገር ሰው የሚፈራው ስም ይሰጡታል። ደንበኛው ፍላሽ ሰክቶ ሲበረብር ቫይረስ የሚል ነገር ሲያይ እጁን ይሰበስባል። እሷ ግን የእሱ እህት ስለሆነች፣ ኮምፒውተሩንም ስለምትወደው፣ አጠፋችው።

በዚያን ቀን ደንግጣ ነበር፤ ቢሆንም ሲመጣ እንደገና እንቀዳዋለን ብላ ተጽናናች። ሐሙስ እናቷ «ልስማው» ስትላት ግን የሚያጽናና ነገር አልቀረላትም።

*

መብራቱ አርብ ረፋድ ላይ መጣ። ዘኪያ ክፍል ውስጥ ሆና የትምህርት ቤቱ መብራት ሲበራ አየች።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ፊትሽ አመድ መስሏል» አለቻት ሃና በእረፍት ሰዓት።

ነገረቻት። ሃና እንደወትሮዋ አልቀለደችም። እጇን ይዛ በቀጥታ የኮምፒውተር መምህራቸው ይግዛው ጋ ወሰደቻት። ዘኪያ የማን ድምፅ እንደሆነ ሳትናገር የጠፋ ፋይል ይመለስ እንደሆነ ጠየቀች።

«ከጠፋ በኋላ ምን ተጻፈበት?» አሉ መምህሩ።

«ስድስት ጊጋ የሚሆን ጨዋታ ነገር፣ ቲቸር።»

መምህር ይግዛው ዳስተሩን አንሥተው ሰሌዳው ላይ የነበረውን አንድ መስመር አጠፉ። «ይኸው፣ አሁን ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ትንሽ ትንሽ ይነበባል። አየሽ?» ከዚያ በዚያው ላይ ሌላ መስመር በትልቁ ጻፉበት። «አሁንስ?»

ዘኪያ ጠጋ ብላ አየች። የታችኛው አይነበብም።

ወደ ቤት ስትመለስ እናቷ ኮምፒውተሩ ፊት ወንበር ስባ ጠበቀቻት። ዘኪያ ያላሰበችውን ውሸት ሰማች ከራሷ አፍ። «መብራቱ ሲመጣ በኃይል መጥቶ የሆነ ነገር ነክቶታል እማ። እስከ ነገ አስተካክለዋለሁ።»

«ነገ ከስምንት ሰዓት በፊት» አለች ፈትያ። «ሳልሰማው ልጁን አዎም እምቢም አልለውም።» ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ለቅሶ ልትደርስ ወጣች።

በሩ እንደተዘጋ ባሽር ከጓዳው ብቅ አለ። «አጥፍተሽዋል አይደል?»

ዘኪያ ወደ ስክሪኑ ዞረች።

«ማክሰኞ ሽማግሌው ጃፓንኛ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። አይዞሽ፣ እኔ አልናገርም» አላትና አጠገቧ ተቀመጠ። «ስሚ። ቃሉን በቃሌ አውቀዋለሁ። ድምፄም ከጎረመስኩ ወዲህ እሱን ነው የሚመስለው፤ ስልክ ሳነሣ አክስቴ ራሷ ስንት ጊዜ ተሳስታለች። እኔ ልቅዳው፣ አንቺ ቦታው ላይ ተኪው። አለቀ።»

እንዲህ ቀላል አደረገው። ዘኪያም ፈርታ ስለነበር ቀላሉን ነገር ወደደችው። በጨርቅ ጥቅሎቹ መሃል ቁጭ ብሎ፣ እንደ ሙሰዓብ ፎጣውን ራሱ ላይ ጥሎ መቅዳት ጀመረ። «ማን ነሽ አንቺ? የማን ልጅ ነሽ?» አለ። ቁርጥ ሙሰዓብ ነው። ሰባት ወር ያልሰማችው ወንድሟ ከፎጣው ሥር ሆኖ የሚያወራ መሰላትና ፎጣውን ገልጣ ፊቱን እስክታይ ድረስ አላስቻላትም።

«ጥሩ ነው» አለች። «ይበቃል።»

«ቆይ አንዴ ልድገመው።» ባሽር ጉሮሮውን ጠረገ። በዚህኛው ላይ ድምፁ ጎረነነ፣ ሻከረ።

«ምን አጎረነነው?»

«ስልኩ ላይ እንደዚህ ነበራ።»

«ጨዋታው ውስጥ ግን እንደዚያ አልነበረም። ያኔ ብርድ አልመታውም።»

ዘኪያ ዝቅ ብላ ስታይ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ሥር የጀርባ ቦርሳው ተወሽቋል፤ ዚፑ አልዘጋ ብሎ የሹራቡ እጅጌ ወጥቷል። እግሩ ላይ ደግሞ ለበዓል ብቻ የሚያደርገውን ባለ ክር ቡትስ ተጫምቷል።

«ልትሄድ ነው» አለች።

«ሙሰዓብ እኮ ነው የጠራኝ! እዚህ ምን አለኝ? ሚኒባስ መቁጠር?» ድምፁ ከፍ ብሎ ተመልሶ ወረደ። «አክስቴ ከተጠራጠረች አትለቀኝም። እኔ እውነቱን እንድታምን ነው የማግዛት።»

«እሱ መሆኑን በምን አወቅክ?»

«እሱ ካልሆነ ማን ነው ታዲያ? እሱ ካልሆነማ፣ ዘኪያ፣ እሱ ራሱ...» አልጨረሰውም። ሁለቱም የቀረውን ያውቁታል። ዓይኑን ከእሷ አሽሽቶ፣ «ወይም ሂጂና ያጠፋሁት እኔ ነኝ በያት» አላት።

ዘኪያ አልሄደችም። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ፣ በስንት ልፋት የመለሰችውን የጃፓኑን ሽማግሌ ድምፅ አወጣችና የጎረነነውን የባሽርን ድምፅ በቦታው ተካች። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች።

*

ቅዳሜ ገበያ ነው። ከአምባራስ፣ ከየቀበሌው የወረደው ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ የበጉ ጩኸት ሱቁ ውስጥ ድረስ ይሰማል። ፈትያ ግን ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የሱቁን በር ገርበብ አደረገችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሻሿን ወደ ኋላ ሸርተት አድርጋ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ባሽር ቦርሳውን ይዞ በሩ ጋ ቆሟል። ሂድ ያለህ ማን ነው ያለው የለም።

ዘኪያ ጨዋታውን ከፈተች። ልጅቷ በረዶውን እያቋረጠች ድልድዩ ጋ ደረሰች። ሽማግሌው ከዳሱ ወጥቶ ፋኖሱን አነሣ። አሁን አንዲት ቁልፍ ብቻ ቀርታለች፤ ስትነካ ይናገራል።

ጣቷ ቁልፉ ላይ ሆኖ ወደ እናቷ ዞር አለች። ፈትያ ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯን ነክሳ፣ አንገቷን ወደ ጎን ሰበር አድርጋ፣ ትጠብቃለች። ዘኪያ እንደዚህ ፈርታ አታውቅም። ብትናገር እናቷ ምን እንደምትሆን ፈራች። ባትናገር ደግሞ ባሽር በዚያ በር ወጥቶ፣ በዳባት፣ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በጎንደር አድርጎ፣ መተማ ላይ አንድ የማይታወቅ ሰው እጁን ሲይዘው ታያት። ወለተ ማርያምም ስታምን እንደዚሁ ዓይኗን ጨፍና ይሆናል።

እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣች። ማዳመጫውን ቀስ ብላ ከእናቷ ጆሮ አወለቀችው።

«እማ፣ ይሄ ሙሰዓብ አይደለም። ባሽር ነው።»

«ምን አልሽ?»

«የሙሰዓብ ድምፅ ጠፍቷል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የጃፓኖቹን ድምፅ ልመልስለት ብዬ፣ ደስ ይለዋል ብዬ። መብራቱም ምንም አልነካውም፣ ዋሸሁሽ። ባሽር ቀዳልኝና እኔ ጨመርኩት።»

ባሽር ቦርሳውን መሬት ላይ ጣለው። ዘኪያ ጥፊ ጠብቃ ነበር፤ ጥፊ ይሻላት ነበር።

«አንድም አልቀረ?» አለች እናቷ።

«አንድም።»

«አዬ ልጄ።» ፈትያ መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። «ፊቱን አልረሳሁትም። ድምፁ ግን እየራቀኝ ነው። ጠዋት ስነሣ እፈልገዋለሁ፣ አጣዋለሁ። ልስማው ያልኩሽ ለስልኩ ብቻ እንዳይመስልሽ።»

ዘኪያ ያኔ አለቀሰች። ባሽር ከበሩ ሆኖ፣ «አክስቴ፣ እሱ ነው እኮ፤ በስሜ ነው የጠራኝ» አለ፤ ድምፁ ግን የልጅ ድምፅ ነበር።

«አንተ ዝም በል» አለችው ፈትያ፣ ሳትቆጣ። ወደ ዘኪያ ዞረች። «እንዲያው የት ነበር ያስቀመጠው? አንቺን የመሰለች ልጅ እንዴት ሳታይው ቀረሽ?»

«ቫይረስ ብሎ በሰየመው ፎልደር ውስጥ። ሰው እንዳይነካበት ብሎ ነው። እውነተኛ ቫይረስ መስሎኝ ሳልከፍተው...» ዘኪያ መሃል ላይ ቆመች። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እማ፣ ድምፁን በዚህ ስም መደበቁን ማንም አያውቅም። እሱና እኔ ብቻ ነን።»

እናትና ልጅ ተያዩ። ስልኩ ፈትያ ጭን ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እኔ ላናግረው» አለች ዘኪያ።

ድምፁን ሁሉም እንዲሰማው አድርጋ አነሣችው። ያ ነፋስ መጣ፤ ቀጥሎ የጎረነነው ድምፅ። «እማ? ልጁ ተዘጋጀ?»

«እማ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

«እህቴ። ደህና ነሽ?»

ዘኩ አላለም። ቢሆንም ዘኪያ ተስፋ አልቆረጠችም። ሰው ሲታመም፣ ሲርበው፣ ብዙ ነገር ይረሳል። እሱ እንዲሆን እየለመነች፣ እንዳይሆንም እየፈራች፣ ጠየቀችው። «ሙሰዓብ፣ ድምፃችንን የደበቅክበት ፎልደር፣ ስሙ ማን ነበር?»

«ምን?»

«የሽማግሌውንና የእኔን ድምፅ። ኮምፒውተሩ ላይ። ስሙን ምን ብለኸው ነበር?»

«የምን ድምፅ? አሁን ጊዜ የለኝም። መተማ ሲደርስ የሚያገኘው ሰው...»

«ስሙን ንገረኝ» አለች ዘኪያ። «ከነገርከኝ ባሽር አሁኑኑ ይነሣል።»

ነፋሱ ብቻ ይሰማል። ከነፋሱ ኋላ ሌላ ሰው በዝግታ አንድ ነገር ሲል ሰሙ፤ ምን እንዳለ ግን አልተሰማም። ከዚያ መስመሩ ተዘጋ።

ውጭ አንድ ሰው በበግ ዋጋ ይከራከራል። ይህ ሰው የእነሱን ስም፣ የባሽርን ስም፣ ከማን ሰማ? የሙሰዓብን ስልክ ወስዶበት ነው ወይስ ሙሰዓብ ራሱ ነግሮት? ከነገረውስ ለምን ነገረው? ዘኪያ ይህን አሰበች። እናቷም እያሰበችው መሆኑን ከፊቷ ላይ አየች። ሐሙስ ከሰዓት የጀመራት ፍርሃት አልሄደም፤ ከዚህ በኋላ ብዙ ቀን አብሯቸው እንደሚውል ገባት።

ባሽር ቦርሳው ላይ ተቀመጠ። ጎንበስ ብሎ የቡትሱን ክር መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው እምቢ አለው፤ ደግሞ ሞከረ።

ዘኪያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ባሽር የቀዳውን ፋይል ፈለገችና፣ ቤት ውስጥ ከቀረው ድምፅ ሁሉ ወንድሟን የሚመስለው እሱ ብቻ መሆኑን እያወቀች፣ አጠፋችው። በዚህኛው ጊዜ ከማጥፋቷ በፊት ስሙን ሁለቴ አነበበች። ስክሪኑ ላይ ሽማግሌው ፋኖሱን እንዳነሣ፣ አፉን ከፍቶ፣ ቆሟል።

«ምን ነበር የሚለው?» አለች እናቷ ከኋላዋ።

ዘኪያ ወንበሯን ወደ እናቷ አዞረች። የሙሰዓብን ድምፅ ለመምሰል አልሞከረችም፤ በራሷ ድምፅ ነው የተናገረችው።

«ማን ነሽ አንቺ? የማን ልጅ ነሽ? በዚህ ብርድ ወዴት ነው?»

«አንቺስ ምን ብለሽ መለስሽለት?»

«የፈትያ ልጅ ነኝ አልኩት።»

ፈትያ ስልኩን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበረች። «እስቲ ከመጀመሪያው ድገሚው» አለቻት።